የሠላሳ አባወራ ከብት

«እሷማ ምን ሥራ አላት፤ ቁጭ ብላ ነው የምትውል። ዓይኔ እስኪፈስ ስታገለው ያመሸሁት እኔ ነኝ» አለች የዓለምወርቅ፣ ሳሎን ሆና። እድላዊት ይህን የሰማችው ከመጋረጃው ወዲያ፣ ጓዳ ውስጥ፣ ካልኩሌተሯን ጭኗ ላይ አስቀምጣ የዚያኑ የአክስቷን የስታቲስቲክስ አሳይመንት የመጨረሻ ገጽ በንጹሕ ወረቀት ስትገለብጥ ነው። እንግዳዋ ወይዘሮ ኮከብ፣ የአክስቷ የመሥሪያ ቤት ባልደረባ፣ ከንፈሯን መጠጠችላት፤ ለየዓለምወርቅ ድካም እንጂ ለቁጭ ባይዋ አልነበረም። ከዚያ ወሬው ወደ ስኳር ዞረ። ስኳር ከኅብረት ሱቁ ከጠፋ ሁለተኛ ሳምንቱ ነው፤ በጓሮ በር የሚሸጡት ደግሞ ዋጋውን እጥፍ አድርገው፣ እሱንም እንደ ውለታ ነው የሚሰጡት። እድላዊት እስክሪብቶዋን አላቆመችም። ከፍቷታል፤ ግን የመጨረሻው መስመር ላይ ነበረች፤ ከመጨረሻው መስመር በኋላ ደግሞ ሞያሌ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዓለምወርቅ ነገሌ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የደመወዝ ሒሳብ ሠራተኛ ናት። ባሏ ሻምበል ቢረሳው ከጦር ካምፑ በጡረታ ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ካረፈ ወዲህ ቤቱን የያዘችው በዚችው ሥራ ነው። አዲሱ መዋቅር ሲመጣ ለመደቧ ዲግሪ ተጠየቀ፤ ዲግሪ የሌለው እስኪማር ጊዜ ይሰጠዋል፣ ካልተማረ ዝቅ ይላል ተባለ። በዚህ ሰበብ የነገሌ ሠራተኛ ግማሹ በሃምሳ ዓመቱ ደብተር ገዛ። ሾፌሩ ማኔጅመንት ተመዘገበ፣ የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ኢኮኖሚክስ ገባ፣ ካምፕ ውስጥ ያሉት አሥር አለቆች ሳይቀሩ የፍላጎትና የአቅርቦት መስመር የት ላይ እንደሚገናኝ ሻይ ቤት ተቀምጠው ይከራከሩ ጀመር። የዓለምወርቅና ኮከብም በርቀት ትምህርት አካውንቲንግ ገቡ። አሳይመንቱ ከመቶ ሠላሳ ይይዛል፤ ቀሪው ሰባ የፈተና ነው። ሠላሳውን የምትሠራው እድላዊት ናት።

እድላዊት ገና ልጅ ሳለች እናቷ ሻኪሶ ላይ ስትሞትባት ወደዚህ ቤት ያመጣቻት አክስቷ ናት። ሐዋሳ የግል ኮሌጅ አስገብታ ያስመረቀቻትም እሷው ናት፤ ይህን እድላዊት አትክድም፣ ልካድ ብትልም የሚያስታውሳት አታጣም። የተመረቀች ጊዜ ግን የዓለምወርቅ ዋናውን ዲግሪ ከእጇ ተቀብላ «ይጠፋብሻል» ብላ መኝታ ቤቷ ባለው የብረት ሳጥን ውስጥ፣ ከባሏ የማዕረግ ልብስ ጋር ቆለፈችበት። መጀመሪያ «ፋይናንሱን ብቻ ሥሪልኝና ትሄጃለሽ» አለች። ፋይናንሱ አልቆ ማይክሮ ኢኮኖሚክስ መጣ። እሱም ሲያልቅ ኮስት አካውንቲንግ ተተካ። ያቤሎ አንድ ሆቴል የሒሳብ ሠራተኛ ሲፈልግ እድላዊት በፎቶ ኮፒ ሞክራ ነበር፤ ዋናውን አሳዪ አሏትና በዚያው ቀረ። አሁን ደግሞ ሞያሌ ላይ ተውፊቅ የሚባል የጉምሩክ ትራንዚት ሥራ ያለው ሰው በስልክ አነጋግሯታል። ሰኞ ጠዋት ዋናውን ይዛ ከቀረበች ሥራው የሷ ነው፤ ካልቀረበች ሌላ የሚጠብቅ ሰው አለው። ይህንን ስትነግራት አክስቷ «ስታቲስቲክሱን አስረክቢኝና ሳጥኑን እከፍትልሻለሁ፣ ማርያምን» ብላ ማለችላት። ዛሬ ቅዳሜ ነው። ለሞያሌ የሚያገናኘው የያቤሎው መኪና ነገ ሊነጋጋ ሲል ይነሳል።

አሳይመንቱ ከባድ አልነበረም። በአካባቢው ካሉ ሠላሳ አርብቶ አደር አባወራዎች እያንዳንዱ ስንት ከብት እንዳለው ጠይቃችሁ በሰንጠረዥ አስቀምጡ፤ አማካዩን፣ ሚዲያኑን፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑን አስሉ ይላል። ማስላቱ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ችግሩ መጠየቁ ነው፤ በዚህ ፀሐይ ማን ወጥቶ ሠላሳ ቤት ያንኳኳል? እድላዊት ስለ ከብት የምታውቀው ደግሞ ቱሜ የምትባለው የወተት ደንበኛቸው ጠዋት ጠዋት በጀሪካን ይዛ ከምትመጣው ወተት አያልፍም። ስለዚህ ከብቱን ከራሷ አመነጨችው። እንዲህ ሲሆን ብዙ ሰው ቁጥሮቹን ያቀራርብና ይጋለጣል፤ እሷ ግን ብልጥ ናት። ለአንዱ ሀብታም መቶ አሥር ሰጠች፣ ባሏ ለሞተባት ለአንዲቷ አራት። ድርቅ የመታቸው የሚመስሉ ጥቂት ቤቶችንም አስገባች፤ አማካዩ ያለ ልክ እንዳያምር እዚህ አንድ ጨመረች፣ እዚያ ሁለት ቀነሰች። ስትጨርስ ቁጥሮቹ ለራሷም እውነት መሰሏት። ሰዎቹን ሁሉ የምታውቃቸው እየመሰላት፣ በተለይ አሥራ ሰባተኛውን ንፉግ ነው ብላ ጠምዳው ነበር።

ኮከብ አንዱን ቅጂ «ከኔው ጋር ላመሳክረው» ብላ በፌስታል ጠቅልላ ሄደች። ሁልጊዜም እንዲህ ታደርጋለች፤ እድላዊት ቅጂውን ስታዘጋጅ ለጓደኛ የሚደረግ ነገር ነው ከማለት በቀር ሌላ አስባ አታውቅም። የዓለምወርቅ ካምፕ ውስጥ ለቅሶ ነበረባት፤ የአንድ የድሮ ሃምሳ አለቃ ሚስት ሞታ ነው። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከበሩ ላይ ዞር አለችና የሷን ቅጂ እዚያው ጠረጴዛ ላይ እንድትተወው፣ ሰኞ ራሷ እንደምታደርሰው ነገረቻት። ሰኞ! እድላዊት ብቻዋን ስትቀር ወረቀቱን ደጋግማ አየችው። የርቀት ትምህርት ማዕከሉ የሚቀበለው ዛሬ እስከ ስድስት ሰዓት ነው፤ ሽፋኑ ላይ በግልጽ ተጽፏል። ዛሬ ካልገባ አክስቷ አልተረከብኩም ትላለች፣ አልተረከብኩም ካለች ሳጥኑ አይከፈትም፣ ሳጥኑ ካልተከፈተ የያቤሎው መኪና ሌላ ሰው ይዞ ይሄዳል። አክስቷ እስከ ዛሬ አሳይመንቷን ለማንም ሰጥታ ልካ አታውቅም፤ እድላዊትም ሄዳ አታውቅም። ጫማዋን ቀየረችና ወጣች።

ማዕከሉ ከአንድ የቆርቆሮና ሚስማር መሸጫ በላይ የተከራየ ሁለት ክፍል ነው። ከታች ብረት ይቆረጣል፣ ከላይ ኢኮኖሚክስ ይማራሉ። አስተማሪው ሀላኬ በሥራ ቀን የመሰናዶ ተማሪዎችን ሒሳብ ያስተምራል፣ ቅዳሜ ደግሞ የርቀቶቹን ይዞ ይውላል። «አካም፣ ናጋ?» ብሎ ሰላም አላት፤ «ናጋ» ብላ ወረቀቱን በሁለት እጇ ሰጠችው። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። ሰንጠረዡን ከላይ እስከ ታች በጣቱ ወረደበት። ከዚያ ከአጠገቡ ካለው ክምር ሌላ ወረቀት መዘዘና ጎን ለጎን አጋደማቸው።

«እነዚህን ከብቶች ዛሬ ጠዋት አግኝቻቸዋለሁ» አለ። ወረቀቱ የኮከብ ነበር።

እድላዊት ሁለቱ ሴቶች አብረው ወጥተው አብረው እንደጠየቁ ነገረችው። ይሁን አለና፣ ሠላሳውም ሰዎች ነገሯቸው ወይ ብሎ ጠየቃት። አዎ አለች። አንድ እንኳ እምቢ ያለ የለም? የለም አለች፤ ጥያቄው ለምን እንደተጠየቀ ግን አልገባትም።

«አባቴ ከብቱን ይዞ ዲሬ ገጠር ነው የሚኖር» አለ ሀላኬ። «ስንት ከብት እንዳለው እኔ ልጁ አላውቅም። ጠይቄውም አላውቅ። መቁጠር እኛ ዘንድ ጥሩ አይደለም፣ ያጎድላል። አንዲት ጊደር ማታ ሳትገባ ብትቀር ግን ወዲያው ስሟን ጠርቶ ይነግርሻል። ስንት አለህ ብትይው፣ ናጋ ነው ይልሻል፤ ሰላም ናቸው ማለት ነው። ሌላ ቁጥር የለውም።»

አልተቆጣም። ጥያቄውን በየዓመቱ የሚሰጠው ለዚሁ መሆኑን አስረዳት፤ መልስ ያልሰጠን ሰው በስታቲስቲክስ ምን እንደሚያደርጉት ማየት ይፈልጋል፣ ሞጁሉም ላይ ራሱን የቻለ ምዕራፍ አለው። ግን እስካሁን ከሰንጠረዡ ላይ አንድ ባዶ ቦታ ይዞለት የመጣ ተማሪ የለም። ኃላፊውም ተላላኪውም «ሁሉም ነገሩን» ይላሉ። እድላዊት አፈረች። እዚህ ከተማ አድጋለች፣ የገበያውን ኦሮምኛ ትናገራለች፣ የቱሜን ወተት ጠጥታ ነው ቁመት ያወጣችው፤ ሎን ናጋ ወይ፣ ከብቱ ሰላም ነው ወይ፣ ሲባባሉም ስትሰማ ኖራለች። ቁጥር ግን ሲጠሩ ሰምታ እንደማታውቅ አሁን ገና ልብ አለች።

ሀላኬ ወረቀቱን ሊመልስላት ሲል ስሙ ላይ ዓይኑ አረፈ። «እትዬ የዓለምወርቅ ተመልሰው ገቡ እንዴ?»

«ከየት?»

«ካቋረጡ እኮ ሁለት ዓመት አለፋቸው።» ፊቷን ሲያይ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ፈተናው ነው የከበዳቸው። አሳይመንታቸውማ በጣም ጥሩ ነበር።»

ከዚያ በላይ አልጠየቃትም፤ ማን እንደሠራው ገብቶታል፣ መግባቱም ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። የወይዘሮ ኮከብን ከሰዓት በኋላ ክፍል ስትመጣ እንደሚመልስላት፣ በሳምንቱ እውነተኛውን ይዛ እንድትቀርብ እንደሚነግራት ብቻ ነገራት። የአክስቷን ደግሞ አጣጥፎ በእጇ አኖረላት። እድላዊት ባጃጅ አልያዘችም። በእግሯ፣ ቀዩን አቧራ እየረገጠች፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የሠራችውን እያሰበች መጣች። የብድር ወለድ፣ የማሽን እርጅና፣ የዱቄት ፋብሪካ ወጪ፣ የፍላጎት መስመር ዘንበል የሚልበት ምክንያት፤ ሁሉም በኮከብ ስም ገብቶ፣ ሁሉም በኮከብ ስም ታርሞ ኖሯል። ያቤሎ የቀረባትም ለዚሁ ነው። ቤት ስትደርስ ልትጮህ ወስናለች፤ ምን ብላ እንደምትጀምርም መንገድ ላይ አዘጋጅታለች።

የዓለምወርቅ ከለቅሶ ተመልሳ ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን የሳሎኑ ሲሚንቶ ላይ እያቀዘቀዘች ተቀምጣ ነበር። ደከመኝ አለች። እድላዊት ምሳ አቀረበች፤ ጩኸቱ እንጀራው ከተዘረጋ በኋላ ይሻላል ብላ ነው፣ ከዚያ ደግሞ ጠፋባት። ዝም ብለው በሉ። በዚህ ቤት ዝም ብሎ መብላት አዲስ አይደለም፤ ሻምበሉ በሕይወት ሳለም ገበታ ላይ አይወራም ነበር። የጎረቤት ሬዲዮ ስለ ዝናብ ያወራል፣ ቆርቆሮው በፀሐይ ይንጣጣል።

«እትዬ፣ ስንት ኮርስ ቀረዎት?» አለች እድላዊት።

«ጥቂት ነው።»

«ስንት?»

«ያልቃል አልኩሽ እኮ።»

«ሀላኬ ዘንድ ሄጄ ነበር።»

የዓለምወርቅ የያዘችውን ጉርሻ መልሳ ሰሐኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጠችው። «ሰው ነበር?» ነው ያለችው፣ መጀመሪያ። ማንም እንዳልነበረ ስትሰማ ትከሻዋ ረገብ አለ። ከዚያ የሽንኩርት ዋጋ እንደምታወራ ሁሉ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ ሳትጥል ነገረቻት። አንዱን ፈተና ሦስት ጊዜ ተቀምጣለታለች። በሦስተኛው ግራና ቀኟ ልጆቿ የሚሆኑ ወጣቶች ሲጽፉ እሷ ስሟን ብቻ ጽፋ ነጭ ወረቀት አስረክባ ወጣች። ቢሮው ትማራለች ብሎ መደቡን እንደያዘላት ነው፤ መተዋን የምታውቀው ኮከብ ናት። ኮከብ አፏን ትይዛለች፣ የዓለምወርቅ ደግሞ ስሌቱን ትሠራላታለች። ስሌቱን ማን እንደሚሠራ ለኮከብ አልነገረቻትም፤ ቢሮ ውስጥ በሒሳብ የምትፈራ ሴት መሆን ደስ ብሏት ነበርና።

«ዲግሪዬንስ ለምን ያዙብኝ?»

«ብትሄጂ ማን ይሠራዋል?» አለች የዓለምወርቅ። ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። «ማንስ አለኝ።»

እድላዊት ሰሐኑን አነሳች። አክስቷን ጠልታታለች፣ አሳዝናታለችም፤ ሁለቱን ይዞ ዕቃ ማጠብ ብቻ ነው የሚቻለው።

ኮከብ አሥር ሰዓት ላይ መጣች። ተቀመጪ ብትባል አልተቀመጠችም፤ የተመለሰላትን ወረቀት የሻምበሉ ፎቶግራፍ ፊት፣ ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። ሀላኬ ከክፍሉ ተማሪ ሁሉ ፊት ይሄ ሁሉ ከብት ከየት መጣ ብሎ እንደጠየቃት፣ መልስ አጥታ እንደተንተባተበች፣ ካምፕ ያሉት ልጆች እንደሳቁባት ተናገረች።

«የዓለም፣ ምንድን ነው ሠርተሽ የሰጠሽኝ?»

የዓለምወርቅ እድላዊትን አየቻት። እድላዊት መጋረጃው ሥር ቆማ፣ የታጠበ ሰሐን ይዛ ነበር። «እኔ አልሠራሁትም» አለች የዓለምወርቅ። «እሷ ናት የሠራችው። ከመጀመሪያውም ሁሉንም የሠራችው እሷ ናት።»

ሥራዋ የሷ መሆኑ ሲነገር ይህ የመጀመሪያው ነው፤ የተነገረው ደግሞ ጥፋቱ በተገኘ ቀን ነው። ተመሰገነች ወይስ ተላለፈች፣ ለመለየት ጊዜ አላገኘችም። ተናደደች፣ ደስም አላት። ኮከብ አንዴ የዓለምወርቅን አንዴ ልጅቷን አየች፤ በመጨረሻ ዓይኗ ልጅቷ ላይ ቀረ። እስከ ዛሬ ሻይ ስታቀርብላት እንጂ ሌላ ጊዜ እንዲህ አይታት አታውቅም።

«እንግዲያው አንቺው ታስተካክይልኛለሽ» አለች። «እስከ ቅዳሜ ሰጥቶኛል። የትም አትሄጂም።»

«ትሄዳለች» አለች የዓለምወርቅ። «ነገ ሞያሌ ትሄዳለች።»

ኮከብ የዓለምወርቅን የት ጋ እንደሚያማት የሚያውቅ ሰው ፈገግታ ፈገግ አለች። ሰኞ ቢሮ እንደሚገናኙ አስታውሳ፣ አለቆቹ የጓደኛዋ ትምህርት የት ደረሰ ብለው ሲጠይቋት ምን እንድትል እንደምትፈልግ ቀስ ብላ ጠየቀች። የዓለምወርቅ ነጠላዋን አስተካከለች።

«ያለውን ንገሪያቸው» አለች።

ኮከብ ወረቀቷን እንኳ ሳትወስድ ወጣች። የግቢው የቆርቆሮ በር ተላተመ። ከዚያ የዓለምወርቅ መኝታ ቤት ገባች፤ ሳጥኑ ሲከፈት፣ ልብሶች ሲነሱ ሲቀመጡ ተሰማ። ናፍታሊን የሚሸት የፕላስቲክ ክላሰር ይዛ ተመለሰችና ለእድላዊት ሰጠቻት። እድላዊት ገልጣ አየችው። ስሟ እዚያው ነው፣ ማኅተሙም እዚያው ነው። ጓዳ ገብታ ልብሷን ማጠፍ ጀመረች።

የጉዞ ቦርሳዋን ዚፕ ስትዘጋ አክስቷ ጠራቻት። የዓለምወርቅ መነጽሯን አድርጋ፣ ኮከብ ጥላው የሄደችውን ወረቀት ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግታ እያየችው ነበር። ሠላሳዎቹ ቁጥሮች ካለቁበት በታች፣ ስሌቱ የሚጀምርበት ቦታ ላይ፣ በጎኑ የተጋደመ የፈረንጅ ኤም የመሰለ ትልቅ ምልክት አለ። ጣቷን እሱ ላይ አኖረች።

«ይቺ ምንድን ናት?» አለች። «ፈተናው ላይ ሦስቴም ገና እሷን ሳያት ነው እጄ የቆመው።»

«ደምር ማለት ነው፣ እትዬ።»

«ምኑን?»

«ከፊቱ ያለውን ሁሉ። አንድ ላይ ደምር፣ ነው የሚልዎት።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

የዓለምወርቅ ጣቷን ከምልክቱ ወደ ላይ፣ ወደ ቁጥሮቹ ወሰደች። «እኔ እኮ» አለች፣ «ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስደምር ነው የኖርኩት።»